ዋጋ ጠያቂዋ እትየ ሽቱ

የእትየ ሽቱን ሞት የነገረኝ ሱሪ ሊያሳጥር ከደጋን የመጣ ሰው ነው። ሱሪው ጉልበቴ ላይ ነበር። ሰውየው ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው ሲያወራኝ ቆየና እንደ ዋዛ፣ «ያቺ ከደሴ የወረደችው ዋጋ ጠያቂዋ ሴትዮ አረፈች። ትናንት ቀበርናት» አለኝ።

እግሬ የስፌት መኪናውን በራሱ አቆመው።

«ማን ናት ያልኸኝ?»

ስሟን አያውቀውም። «ያቺ ገበያ ለገበያ እየዞረች፣ ይኸ ስንት ነው፣ ያ ስንት ነው ብላ የማትገዛዋ» አለኝ። «ቀጭን፣ ረዥም። ሁልጊዜ ባዶ ዘንቢል የምትይዝ።»

«ማን ቀበራት?»

«ሰፈሩ ነዋ! ዘመድ የላትም መሰለኝ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ማንን እንደሚያጽናና ግራ ገብቶት ነው ያለው።»

ሱሪውን ጨርሼ ሰጠሁት። እንዴት እንደ ጨረስሁት ግን አላስታውስም።

እትየ ሽቱን ያወቅኋት ጣልያን ደሴን በያዘ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ፒያሳ፣ ሳልህ የሚባል የየመን ዐረብ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ሳልህ ስኳር፣ ላምባ፣ ጨው፣ ሳሙና ይሸጣል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚኮራው በቅመሙ ነው። ቅርንፉዱ፣ ቀረፋው፣ ሄሉ፣ ቁንዶ በርበሬው በየከረጢቱ ተደርድሮ አፉ ተከፍቶ ይቀመጥና ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ሽታው ይመጣልኛል። ሚስቱና እናቱ ባሕር ማዶ ናቸው። ማታ የሱቁን በር ከውስጥ ይቀረቅርና ከጆንያዎቹ ጋር ያድራል።

እትየ ሽቱ ከጣልያን በፊት በአንድ መኳንንት ቤት ዕቃ ገዢ ነበረች። ለግብር የሚሆነው ቅቤ፣ ማር፣ በርበሬ፣ ቅመም ሁሉ በእሷ አፍንጫ ሳያልፍ ወጥ ቤት አይገባም ነበር አሉ። ጌታው ሲዘምት ቤቱ ተበተነ። አንድ ልጇ ሰይድም ከጌታው ጋር ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። ሞተ ብሎ የነገራት የለም፤ አለ ብሎ የነገራትም የለም። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ሰደቃም አላወጣችም። ሰዎች አውጪ ሲሏት፣ «የቆመ ሰው እንዳልቀብር እፈራለሁ» ትላቸዋለች። ሆጤ ሰፈር አንዲት ክፍል ቤት ነበረቻት። እዚያ ብቻዋን ታድራለች፣ ብቻዋን ትነሣለች።

ስትነሣ ግን እንደ ድሮው ዘንቢሏን አንጠልጥላ ገበያ ትወጣለች። የሚገዛላት ቤት የለም፤ ለራሷ ደግሞ አንዲት ሴት ምን ትገዛለች? አንድ ስኒ ጨው ይከርማታል። እሷ ግን ከሱቅ ሱቅ፣ ከጉሊት ጉሊት እየዞረች ትጠይቃለች። በርበሬውን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ታሸዋለች። ዘይቱን በእጇ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጋ ቆዳዋ እስኪሞቅ ጠብቃ ታሸተዋለች። ምላሷ ላይ የምታደርገውን ነገር ዓይኗን ጨፍና ነው የምትቀምሰው፤ ስትቀምስ ደግሞ ሰው ቢያናግራትም አትሰማም። መጨረሻ ላይ ከጉሮሮዋ «እህ» የሚል ድምፅ ታወጣለች። ያ «እህ» አንዳንዴ ጥሩ ነው፣ አንዳንዴ መጥፎ ነው፤ ለመለየት ሰንበት ማለት ያስፈልጋል።

ሴቶቹ ለምደዋታል። መንገድ ላይ አቁመው፣ «እትየ ሽቱ፣ ዛሬ ላምባ የት ይሻለኛል?» ይሏታል። እሷም የማን እንደ ጠራ፣ የማን ውኃ እንደ ነካው፣ የማን ርካሽ ሆኖ ጭስ እንደሚበዛበት አንድ በአንድ ትነግራቸዋለች። «ዋጋው ያለው ሻጩ አፍ ላይ ነው፤ ዕቃው ያለው ድስቱ ውስጥ ነው» ትል ነበር። ሳትዋሽ በመናገሯ የሚጠሏት ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሲያይዋት ከረጢታቸውን የሚሸፍኑም ነበሩ።

ዙረቷን ስትጨርስ የሳልህ በረንዳ ላይ ትመጣለች። ሳልህ በርጩማ ያወጣላትና ሻይ በሄል ይቀዳላታል። በተዋወቅን ሰሞን እንደ ባልቴት ቆጥሬ «አንቱ» ብላት ቆጣ አለች። «አንቱ አትበለኝ ተፈራ። አንቱ ሲሉኝ ሰው ሁሉ ከወንዝ ማዶ ሆኖ ይታየኛል።» ከዚያ ወዲህ አንቺ አልኋት። ሳልህማ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ሁሉንም «አንተ» ነው የሚለው።

«አንተ ሽቱ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አገኘህ?» ይላታል።

«ይኸ ቅርንፉድህ አርጅቷል።»

«ወላሂ ባለፈው ሳምንት ነው የመጣው!»

«መምጣቱንስ መጥቷል። ያረጀው ከመምጣቱ በፊት ነው።» አንዷን ፍሬ አንሥታ በጥፍሯ ትጫናታለች። «አየህ? ጠብ የሚል ዘይት የለውም። ትኩስ ቢሆን ጥፍሬን ያረጥበው ነበር።»

ሳልህ ይምላል፣ ይገዘታል፣ በዐረብኛ ይራገማል። ከዚያ ራሱም ፍሬውን በጥፍሩ ይጫናል። ቆይቶ ይስቃል፤ ሲስቅ ጥምጥሙ ይላላል። በማግስቱ ያ ከረጢት ከፊት አይገኝም፤ ወደ ጓዳ ገብቷል። እሷም በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለሚመጣው ሰው ሁሉ፣ «ቅመም ከፈለጋችሁ ከሳልህ ሌላ ዘንድ አትልፉ» ትላለች። እሱን ደስ እንዲለው ብላ አልነበረም። እውነት ስለሆነ ነው።

ሻይዋን ስትጠጣ ስለ ግብሩ ቤት ትነግረዋለች፤ ስንት ጋን ጠላ፣ ስንት ሙክት እንደ ነበር። እሱ ስለ እናቱ ቤት ይነግራታል፤ ተራራ ጫፍ ላይ በድንጋይ ስለ ተሠራ፣ መስኮቱ ላይ ርግብ ስለሚያርፍበት ቤት። አንዱ ሌላውን ምን ያህል እንደሚሰማ እንጃ። ሁለቱም እያወሩ የሚያዩት መንገዱን ነው። የሚጠብቁት ሰው ያላቸው ሰዎች እንደዚያ ነው የሚቀመጡት።

ከዚያ ጣልያኖቹ ከመንገዱ ማዶ ትልቁን ሱቅ ከፈቱ።

እንደዚያ ያለ ሱቅ ደሴ አይታ አታውቅም። መስተዋቱ የፈረስ ቁመት ያህላል፤ ከመስተዋቱ ወዲያ መኮሮኒው፣ ሰልሳው፣ የቆርቆሮ ዓሣው፣ ሳሙናው እንደ ግንብ ተከምሯል። የፊት ለፊቱ በር ለነጮች ነው። አበሻ የሚገዛው በጎን በኩል በተከፈተ፣ የብረት ፍርግርግ ባለው መስኮት ነው። ዋጋው በወረቀት ተጽፎ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ቀንስልኝ፣ ጨምርልኝ የሚባል ነገር የለም። አንዱ አስተርጓሚ ከውስጥ ቆሞ የሚያነበውን ሰምተህ ትገዛለህ፣ ወይ ትሄዳለህ።

ለሦስት አራት ቀን ሰው እያየ ብቻ አለፈ። ከዚያ ሴቶቹ በረንዳችን ላይ መጥተው እትየ ሽቱን ያዟት። «ሂጂና እይልን። ካልቀመስሽው አንገዛም» አሏት። ሳልህም ከውስጥ ሆኖ፣ «ሂድ፣ ሂድ ሽቱ! ሂድና አምጣ፣ ከእኔ ጋር ጎን ለጎን እናያለን» አለ። ልቡ ሞልቶ ነበር። ሸቀጡን የሚያውቅ፣ ሸቀጡን የምታውቅም ወዳጅ ያለችው ሰው ነበረና።

ፀሐይ ላይ ተሰልፋ ውላ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት በወረቀት አስጠቅልላ መጣች። እኔ ጨርቅ የምቆርጥበትን ጠረጴዛ ጠርጌ ሰጠኋት። ሳልህም የራሱን በየወረቀቱ አምጥቶ አጠገቡ አደረገ። በረንዳው በሰው ሞላ።

ጨውን ቀመሰች። «እኩል ነው።»

ዘይቱን በእጇ ጀርባ ላይ አደረገች። «የጣልያኑ ሽታው እንደ ቅጠል ነው። ለወጥ አይሆንም፤ ሽንኩርቱን ይቀማዋል። የሳልህ ኑግ ይሻላል።» ሳልህ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ።

ቁንዶ በርበሬውን አሸተተች። «ይኸ ተፈጭቶ የከረመ አቧራ ነው።» ሰው ሳቀ። ሳሙናውን ውኃ ነክራ አሸችው። «የነሱ አረፋው ብዙ ነው፣ ግን ይሟሟል። ልብስ ለሚያጥብ ሰው የሳልህ ደረቁ ያዋጣል።»

ሳልህ በዚህ ጊዜ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። «ስኳሩስ?» አለ ራሱ።

ከሳልህ ስኳር ጀመረች፤ ከአሰብ ድረስ በጆንያ ሲመጣ እርጥበት ይዞት ጓጉሏል። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ የጣልያኑን። ከሌላው ጊዜ ይልቅ ረዥም ሰዓት ጨፍና ቆየች። ሁላችንም አፏን እናያለን።

«ስኳሩ የጣልያኑ ይሻላል» አለች። «ደረቅ ነው፣ ነጭ ነው፣ ባዕድ ነገር የለበትም። ዋጋውም ይቀንሳል። ላምባውም እንደዚያው ነው። ፉርኖ ዱቄቱም ነቀዝ አልነካውም።»

ከኋላ አንዲት ጠጅ ጣይ፣ ቁጣዋ ፊቷ ላይ ያለ ሴት፣ «ልጅሽን ከበላ እጅ የመጣ ስኳር ጣፈጠሽ?» አለቻት።

እትየ ሽቱ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረች። «ስኳሩ ልጄን አላየውም» አለች ቀስ ብላ። «እናንተ የጠየቃችሁኝ ስለ ስኳሩ ነው።»

ዘንቢሏን አንሥታ ወደ ሆጤ ወረደች። ሳልህ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን የራሱን ስኳር በመዳፉ ሰብስቦ ወደ ጆንያው መለሳት። እንድትቀመጥበት ያወጣላትን በርጩማም አስገባው።

ሰው ከዚያ ሁሉ ፍርድ ይዞ የሄደው ስኳሩንና ላምባውን ብቻ ነው። ስለ ኑጉ፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ቁንዶ በርበሬው የተናገረችውን የሚያስታውስ አልተገኘም። ለቅርንፉድ ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አለ እንዴ? ቅርንፉድ የሚገዛው ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው ነው፤ እግረ መንገዱን። እንደዚያ ሆኖ የሳልህ ደጃፍ ሳር ሊያበቅል ደረሰ።

እሷ በማግስቱም እንደ ልማዷ መጣች። በርጩማው የለም። በሩ ላይ ቆመች። ሳልህ ከውስጥ ቀና ብሎ አያትና፣ «እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» አላት።

ይህን ቃል ከየት እንደ ተማረው አላውቅም። ሴትና ወንድ የማይለየው አማርኛው ያን ቀን ተቃና። እሷም እንደ ተመታ ሰው ወደ ኋላ አለች። ጥቂት ቆማ፣ «ጨው» አለች። መዘነላት፤ ተቀብላው ሄደች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ትመጣለች። በየቀኑም፣ «እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» ይላታል። ጨው፣ ክብሪት፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም።

አንድ ቀን ለብቻዋ አግኝቼ፣ «እትየ፣ ያን ቀን ስኳሩን ብትተዪው ምን ነበረበት?» አልኋት።

«ዝም ብል ኖሮ ነው የምትለኝ?» አለች። መንገዱን እያየች ቆየች። «የምገዛለት ቤት የለኝ፣ ልጅ አለኝ አልል፣ ጌታ የለኝ። ያለችኝ ይህች ምላስ ናት ተፈራ። እሷን ካጠፍኋት ማን ነኝ ብዬ ጠዋት እነሣለሁ?»

ሳልህንም ጠየቅሁት። «ሴትዮዋ ዋሸች እንዴ?»

«አልዋሸም» አለኝ። ከረጢቶቹን እየዘጋ ነበር። «ቢዋሽ ኖሮ ተጣልተን እንታረቅ ነበር። አልዋሸም፤ ከምን ላይ እንታረቃለን?»

ክረምቱ ሳይገባ ሳልህ ሱቁን ዘጋ። ኮምቦልቻ ላይ ጣልያኖቹ መንገድና የአውሮፕላን ሜዳ ስለሚያሠሩ የቀን ሠራተኛው ብዙ ነው፤ ሻይና ቴምር ብሸጥ ይሻላል ብሎ ዕቃውን በካሚዮን ጭኖ ወረደ። ሲሄድ እትየ ሽቱ አልነበረችም። ልትኖር አልፈለገች ይሆናል። እኔም ከበረንዳው ተነሥቼ ወደ ታች ወዳለ አንድ ደጃፍ ተዛወርሁ።

ከዚያ በኋላ ዙረቷ ሌላ ሆነ። ድሮ መጨረሻ ነበረው፤ አሁን መጨረሻ የለውም። ከገበያ ወደ ትልቁ ሱቅ መስኮት ትሄዳለች፣ ከዚያ ወደ ተዘጋው የሳልህ በር፣ ከዚያ ወደ እኔ። እኔ ዘንድ ትንሽ ትቆማለች፤ ተቀመጪ ስላት፣ «አይ፣ ሥራ አታስፈታኝ» ትለኛለች። መስኮቱ ላይ ያለውን አስተርጓሚም ሰልችታዋለች። «ዋጋው ተጽፏል፤ ትናንት የነገርሁሽ ነው!» ይላታል። እሷ ዋጋው ጠፍቶባት አልነበረም። «ውድ ነው ስለው አይቆጣም» አለችኝ አንድ ቀን። «ርካሽ ነው ብለውም ደስ አይለው። ከግድግዳ ጋር እንደ መነጋገር ነው። ዕቃው ደህና ነው፤ ዕቃውን አላማም።»

ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ የተሰፉ የሥራ ልብሶች ይዤ ኮምቦልቻ ልወርድ ሆነ። ይህን ሰምታ ጠዋት ሆጤ መውጫ ላይ ጠበቀችኝ። ንጹሕ ነጠላ ለብሳለች፤ ዘንቢሏ ውስጥ የሚለበስ ልብስ አለ።

«ኮምቦልቻ ላይ ዋጋው እንዴት እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለችኝ።

«ሳልህን ልታዪው ነው» አልኋት።

«እሱም ይሸጥ የለ?» አለች።

ካሚዮኑ ላይ ከሲሚንቶ ከረጢት ጋር ተጭነን የሀረጎን ቁልቁለት ወረድን። ጠመዝማዛው ላይ ሾፌሩ በዞረ ቁጥር ክንዴን ትይዛለች፤ መንገዱ ሲቃና ትለቀኛለች። ከደሴ ብርድ ወርደን የኮምቦልቻ ሙቀት ፊታችንን ሲመታን ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ጸጉሯ ሁሉ ነጭ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

የሳልህ ሱቅ መንገድ ዳር ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ከስቷል፤ ጥምጥሙም አልነበረም። ሲያየን የያዘውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠ። አሰላሙ ዐለይኩም ተባባሉ። እሷ እንደ ልማዷ ከረጢቶቹን ማየት ጀመረች። ቅመም የለም። ቴምር፣ ሲጋራ፣ ሻይ ቅጠል፣ አንድ ጆንያ ስኳር።

«ስኳሩ ስንት ነው?» አለች።

ነገራት።

ጣቷን ነክራ ምላሷ ላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ሳልህ እጁን ባንኮኒው ላይ አድርጎ ይጠብቃታል።

ዓይኗን ገለጠች። «ይኸ ከጣልያኑ ይሻላል» አለች። «ወላሂ፣ በጣም ይሻላል።»

የሳልህ ፊት ቀስ በቀስ ሲለዋወጥ አየሁ። «ሽቱ» አለ በመጨረሻ፣ «ከትልቁ ሱቅ ነው የገዛሁት። ከዚያው መስኮት። በስኒ እያደረግሁ እሸጠዋለሁ።»

እሷ አንገቷን ደፋች።

«አወቅህ አይደል?» አላት። «ቀምሰህ አወቅህ።»

«አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን ትዋሻለህ? አንተ እንኳ?» ማንቆርቆሪያውን ገፋ አደረገው። «እውነቱን ስትናገር ሱቄ ሄደ። ይሂድ። ሌሊት ሌሊት ግን ለራሴ፣ ደሴ ላይ የማይዋሽ አንድ ሰው ነበረኝ እል ነበር።»

«ያረቢ» አለች። «ላስደስትህ ብዬ ነው። አንድ ቀን ላስደስትህ ብዬ።»

ሻይ ቀዳላት። ሄል የለውም። ቆማ ጠጣችው። እኔ ልብሱን ላስረክብ ወደ ሠራተኞቹ ሰፈር ሄጄ ስመለስ፣ እሱ ደንበኛ ያስተናግዳል፤ እሷ ከመንገዱ ማዶ ግራር ሥር ተቀምጣለች። «አንተ ወደ ደሴ ውጣ» አለችኝ። «እኔ ከዚህ ወዲያ ደጋን አንዲት የእናቴ ወገን ነበረችኝ፤ ካለች ልጠይቃት።»

«ትመለሻለሽ?»

«ደሴ ውስጥ የምቀመጥበት ደጃፍ የለኝም ተፈራ።» ሳቅ አለች። «ሆጤ ያለውን ቤት ለፈለገ ሰው ስጥልኝ። ቁልፉ በሩ ላይ ነው።»

ወገን ያለቻት ሴት ቀድማ ሞታ ኖሯል። እትየ ሽቱም እዚያው ከአንዲት አሮጊት ክፍል ተከራይታ ቀረች። በኋላ ኮምቦልቻ በወረድሁ ቁጥር ስለ እሷ የሚነግረኝ ሳልህ ነበር። በገበያ ቀን ትመጣለች አለኝ። የቴምሩን፣ የሻዩን፣ የስኳሩን ዋጋ ትጠይቀዋለች፣ ትሰማለች፣ ትሄዳለች። አትቀምስም። «በርጩማ ገዝቼ በር ላይ አደረግሁ» አለኝ። «አይቶት ያልፋል። አንድ ቀን ተቀመጥ አልሁት፤ ሌላ ጊዜ አለኝ።»

እንዲህ ሆኖ ነው ያ የደጋን ሰው ሱሪውን ይዞ የመጣብኝ።

በማግስቱ በመጀመሪያው ካሚዮን ወረድሁ። ኮምቦልቻ ስደርስ ሳልህ ለአንድ የቀን ሠራተኛ ቴምር ይመዝን ነበር። «እትየ ሽቱ አረፈች» አልሁት። ሚዛኑን አልለቀቀውም። መዝኖ ጨረሰ፣ ጠቀለለ፣ ለሰውየው ሰጠው። ከዚያ ከንፈሩ «ኢና ሊላሂ» ሲል አየሁት፤ ድምፁን አልሰማሁትም። ጥምጥሙን ከሣጥን አውጥቶ አሰረና በሩን ቆለፈ።

ደጋን ስንደርስ ከአከራይዋ ደጃፍ ሰሌን ተዘርግቶ ጥቂት ሰዎች ተቀምጠዋል። ወንዶቹ ተነሥተው ቦታ ሰጡን። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ማንን አብሽር እንደሚል ይቸግረዋል። አሮጊቷ ደጋግማ፣ «እኔ አከራይዋ ነኝ እንጂ ወገኗ አይደለሁም» ትላለች። አንድ ሽማግሌ በመጨረሻ የሚቆጥሩትን ሙሰባሃ አስቀመጡና፣ «እንግዶቹ ከደሴ ናችሁ አሉ። የሟቿ ወገን ከመሀላችሁ ማነው? ሰው መጥቶ ማንን ያጽናና?» አሉ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ምኗ ነኝ ልበል? እሱን ሳስብ ሳልህ ከጎኔ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሽማግሌው መልኩን አዩት፣ ሽርጡን አዩት። «ምኗ ነህ?»

«ወንድሟ ነኝ።»

«በእናት ነው በአባት?»

ሳልህ አማርኛው ጠፋበት። ሰሌኑ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ የሳቀ ግን አልነበረም። ሽማግሌው ጥቂት ጠበቁትና፣ «ይሁን» አሉ። «ና ከፊት ተቀመጥ።»

ከፊት ተቀመጠ። ከዚያ ሰው አንድ በአንድ እየመጣ እጁን ይይዘው ጀመር። «አብሽር። አላህ ሰብሩን ይስጥህ።» እሱም እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «አሚን» ይላል። ሴቶቹም ከሩቅ፣ «አላህ ያጽናህ» ይሉታል፤ ለእነሱም አሚን። ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ያልመጡትም መጡ፤ የሚያጽናኑት ሰው ተገኝቷልና። እስከ ዐሥር ሰዓት እንደዚያ ዋለ። ዕንባውን አይጠርገውም ነበር፤ ሁለቱም እጆቹ ሰው ይዘዋል።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መንገድ ላይ ሊሸኘኝ ወጣ።

«አትመለስም?» አልሁት።

«ሦስቱ ቀን ነገ ነው የሚያልቀው» አለኝ። «ወገን ትቶ ይሄዳል እንዴ?» ካሚዮኑ የሚመጣበትን መንገድ እያየ፣ «እናቴም ሞተች፣ ከሁለት ዓመት በፊት። ወሬው የደረሰኝ ዘግይቶ ነው፤ ለማንም አልተናገርሁም። ለማን እነግራለሁ?» አለ።

ካሚዮኑ መጥቶ ተሳፈርሁ። ሲነሣ ዞሬ አየሁት፤ እዚያው መንገዱ ዳር ቆሟል። አህያ የሚነዳ አንድ መንገደኛ፣ ምኑንም የማያውቅ ሰው፣ አጠገቡ ደርሶ እንደ ሰላምታ ወግ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ እጁን ዘረጋለት። ሳልህ የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ ያዘና አንገቱን ደፍቶ፣ «አሚን» አለው።